«ሰፈራችን ለከተማው ተሰፈረ» ምን ማለት ነው?

የቦርከና ልጅ፦ ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ሞልቶ እየጮኸ ሳለ፣ ወንዙ ዳር ተወልደው ያረጁ አንድ አባት መንደራቸው ወደ ከተማው መጠቃለሉን ሲያወጉኝ «ኋላማ ሰፈራችን ለከተማው ተሰፈረ» አሉኝ። ሰው ሰፈረበት ማለታቸው ነው ወይስ እንደ እህል ተለክቶ ተሰጠ? ቅሬታስ አለበት?

ቦሩ ሜዳ፦ በግእዝ «ሰፈረ» ለካ ማለት ነው፤ በማቴዎስ 7፥2 ያለው «መስፈርት» መለኪያው ነው። ስለዚህ ሰፈር ተለክቶ የተሰጠ ቦታ ነው። የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ሰኞ ገበያ፦ ይቅርታዎን መምህር፣ ስምዎን በወሰዱበት ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. በጉባኤ ሃይማኖት ተቆረጠ እንጂ የቃል ትርጉም አልተቆረጠም። መሬት በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ ነበር የሚለካው፤ «ቀላድ ተጣለ» ይባላል። በቁና የሚሰፈረው እህል ነው። ሰፈር ከጦር ሰፈር የመጣ ነው፤ አዲስ አበባ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባለውም መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው በየአቅጣጫው ይሰፍሩ ስለነበር ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔ ሁለቱን አስታርቃለሁ። ጦር የሚሰፍረው ቀለብ ከሚሰፈርበት ነው፤ «ቀለብ ሰፋሪ» የምንለውን አስቡት።

አይጠየፍ፦ በዐረብኛም «ሰፈር» ጉዞ ነው። መንገደኛ የሚያርፍበት ቦታ በዚሁ ስም ቢጠራ ለወሎ ሰው አይገርመውም።

ሰኞ ገበያ፦ እርስዎ ደግሞ ተጓዡን ባለርስት አደረጉት።

ሮቢት፦ ሥሩን ትተን እርባታውን እንይ። ማረፍን የሚያመለክተው «ሰፈረ» ተሳቢ ስለማይቀበል መንደሩን ባለቤት አድርጎ «ተሰፈረ» ማለት አያስኬድም፤ «ተሰፈረበት» መባል ነበረበት። «ለከተማው» ላይ ያለው «ለ»ም ተቀባይ ያመለክታል፤ «ለደሀው እህል ተሰፈረለት» እንደምንለው ማለት ነው። ሆኖም እህል ሲሰፈር «ለት» ይከተላል፣ እዚህ ግን የለም፤ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

ቦሩ ሜዳ፦ እንግዲህ ለካ ማለት መሆኑን አመናችሁ።

ሰኞ ገበያ፦ እርባታውን እንጂ ሥሩን አላመንንም፣ መምህር።

የቦርከና ልጅ፦ አባቶቼ፣ ሽማግሌው አዝነው ይሁን ተደስተው አሁንም አላወቅሁም።

ሮቢት፦ ወንዙ ይጮህ ነበር ብለዋል። «ተሰፈረ» ነው ወይስ «ተደፈረ» ያሉት?