«ሲደረግ»፣ «በይደር»፣ «ታለፈ»፦ ሰነድ ለሚሆን የቴስት ሪፖርት የትኛው ቃል?

ቀለም፦
የኩኩምበር (በተራ ቋንቋ በተጻፉ ምሳሌዎች ሶፍትዌር የሚፈትነው መሣሪያ) ቴስት ሪፖርት ኮድ ለማያነቡ ባልደረቦች የአሠራር ሰነድ እንዲሆን በአማርኛ ይጻፍ ቢባል፣ የጌርኪን (ምሳሌዎቹ የሚጻፉበት ቅርጸት) ቁልፍ ቃላት ጆሮ ይጎረብጣሉ። «ሲደረግ ደንበኛው 300 ብር ያወጣል» አማርኛ ነው ትላላችሁ? «ፔንዲንግ» የሚለውን የውጤት ቃልስ ምን እንበለው?

ሰዋስው፦
አማርኛ «ሲ»ን የሚያስረው ግሱ ላይ ነው፤ «ሲያወጣ» ካልን «ሲደረግ» ትርፍ ነው። ጌርኪን በ«የተሰጠ»፣ በ«ሲደረግ» እና በ«ከዚያ» ምትክ ኮከብ ስለሚቀበል ዓረፍተ ነገሩን ለራሱ ሰዋስው መተው ይቻላል («ስራ» የሚፈተነው አገልግሎት፣ «ሁናቴ» አንዱ የሙከራ ምሳሌ ነው)፦

ስራ: ገንዘብ ማውጣት
  ሁናቴ: ቀሪ ሒሳቡ ሲበቃ
    * ሒሳቡ ላይ 1000 ብር ያለው ደንበኛ
    * 300 ብር ሲያወጣ
    * ቀሪው 700 ብር ይሆናል

1000 ያለ ነጠላ ሰረዝ ይጻፍ። ሙሉ ቁጥር የሚቀበለው መለኪያ (ፓራሜትር) «1,000»ን አያውቀውም፤ ስቴፑም (በኮከብ የሚጀምረው እያንዳንዱ መስመር) የሚያስፈጽመውን ኮድ ሳያገኝ ይቀራል። በፋይሉ አናት የሚገባው የቋንቋ ኮድ ደግሞ «ኤ ኤም ኤች» ነው። «ኤ ኤም» የአርመንኛ ነው።

ለ«ፔንዲንግ» «በይደር» ይስማማዋል። ስቴፑ ከኮድ ጋር ተገናኝቷል፣ ሥራው ግን አላለቀም። ጭራሹኑ ኮድ ለሌለው «ኮድ የለውም» ይበቃል።

ቀለም፦
ከፊቱ ያለው ስቴፕ ወድቆ ሳይሞከር ለቀረውስ? «ታለፈ» እንበል?

ሰዋስው፦
አይሆንም። የተሳካው «አለፈ» ከተባለ፣ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለየው «ታለፈ» አጠገቡ ሲቀመጥ አንባቢን ያሳስታል። «አልተሞከረም» ይሻላል። ኩኩምበር የሚያወጣው ኤችቲኤምኤል እነዚህን የውጤት ቃላት በእንግሊዝኛ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ውጤቱን በጄሰን (ፕሮግራም በሚያነበው የዳታ ቅርጸት) አውጥቶ በራስ ቴምፕሌት ማሳየት ያስፈልጋል። ከ«ስራ» መስመር ሥር የሚጻፈው ማብራሪያ ግን እንዳለ ሪፖርቱ ላይ ይወጣል፤ የአሠራሩ ምክንያት የሚገባው እዚያ ነው።

ፊደል፦
አጻጻፉ ላይ አደራ። «ስራ» የተመዘገበው በእሳቱ ሰ ነው። በንጉሡ ሠ «ሥራ» ተብሎ በትክክል ቢጻፍ ፋይሉ አይነበብም፤ ይህ እንኳ ስሕተቱን ወዲያው ይናገራል። የከፋው «ሁናቴ»ን «ሁኔታ» ብሎ መጻፍ፣ ወይም ከቃሉ ቀጥሎ በ«:» ፈንታ የአማርኛውን «፦» ማስገባት ነው። ይህ በፋይሉ የመጀመሪያው ሁናቴ ላይ ከደረሰ፣ ጌርኪን መስመሩንም ከሥሩ ያሉትን ስቴፖችም የ«ስራ» ማብራሪያ አድርጎ ይውጣቸዋል። ስሕተት አይታይም። ጽሑፉ ሪፖርቱ ላይ አለ፣ የተፈተነ ነገር ግን የለም። ከሌላ ሁናቴ ስቴፖች በኋላ ከመጣ ግን ፋይሉ በስሕተት ይቆማል።

ስለዚህ ሪፖርቱን ከማሰራጨት በፊት በፋይሎቹ ውስጥ የተጻፉትን ሁናቴዎች ቆጥሮ፣ ተሞከሩ ከተባሉት ጋር ማመሳከር ግድ ነው።