ቅሬያችን (ዕድራችን) ቴሌግራም ከገባ ወዲህ ቀብር የሚወጣው ሰው አነሰ፤ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

የቅሬ ጸሐፊ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። እንደ ብዙው የወሎ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። የሥጋ ድስቱ ለየብቻ፣ ለቅሶው ግን የጋራ።

ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ሌሊት በየሰፈሩ ይዞር ነበር። አሁን እኔ ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ። ለሙስሊም ቀብር በጣም ጠቅሞናል። ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት ስለሚቀበር ፋታ የለም። እስከዚህ ድረስ ቴሌግራምን አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያስቸገረኝ። ጽፌ ሳልጨርስ «ነፍስ ይማር» ይዘንባል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ኮፒ ያደርገዋል። በቅርቡ የአንዲት እናት ሞት ሳሳውቅ አንድ አባት በሳቅ የሚያነባውን ምልክት ለጠፉ። እንባውን ብቻ አይተው ነው፣ የሚያለቅስ መስሏቸው። እሳቸው እንኳ ከድንኳኑ አልጠፉም፣ ምንም አልላቸውም። የምታዘበው አሳምረው ጽፈው ከቤት የማይወጡትን ነው። የዚያን ቀን ድንኳን የተከልነው እኔና ጥቂት ሽማግሌዎች ነን። ምሰሶ የያዙልኝ ሰውዬ በሌላ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው ነበር። ግሩፑ ውስጥ ስንት ጎረምሳ እያለ!

አሁን ደግሞ አንዳንድ አባላት «ሥራ ይዞን ስንቀር መቀጮውን በቴሌብር እንክፈልና ይብቃ» እያሉ ነው። ብሩ ለቅሬው አይጠላም። ሁሉም ከከፈለ ግን ቃሬዛውን ማን ይሸከማል? እናንተ ጋ ምን ተወሰነ?

የሐይቅ ልጅ (ጂዳ)

ጋሼ፣ ስልኩን ብቻ አይውቀሱት። እኔ እናቴን የቀበርኩት በኢሞ ነው። ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ወንድሜ ስልኩን ይዞልኝ። ኔትወርኩ እየቆመ የሰዉን ጫማና ጭቃውን ሳይ ዋልኩ። መሀል ላይ አንዲት ጎረቤታችን ስልኩን ተቀብላ ፊቷን አስጠግታ «አብሽሪ ልጄ፣ እኛ አለን» አለችኝ። ግንባሯ ብቻ ነበር የሚታየኝ። እንደዚያ ያጽናናኝ ሰው የለም።

በጽሑፍ ከተላከልኝ ግን አንዱንም አላስታውስም። በድምፅ የላኩልኝን እስካሁን አላጠፋኋቸውም። ሩቅ ያለ ሰው ቢያንስ በድምፁ ያጽናና።

የሳይኮሎጂ ተማሪ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አላህ ይዘንላቸው።

ለጸሐፊው፦ ሳራ ኮንራት የምትባል አሜሪካ የምትሠራ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የኮሌጅ ተማሪዎችን መጠይቅ ሰብስባ ነበር፣ በፈረንጆች ከ1979 እስከ 2009 የተሞላውን። ለሌላው ማዘን ቀንሷል፣ በተለይ ከ2000 ወዲህ የሚል ውጤት አገኙ። ይሄ ሲሰማ ብዙ ሰው ጣቱን ፌስቡክ ላይ ቀሰረ። ኮንራት ራሷ ግን ጥናቱን እስከ 2018 አራዝማ ስታየው ከ2008 ገደማ ጀምሮ መልሶ ጨምሯል። ስማርት ስልክ የተስፋፋው ደግሞ በዚያው ዘመን ነው። ስለዚህ «ስልክ ልብ አደነደነ» ብሎ መደምደም ይከብዳል።

እርግጥ መጠይቅ ሰው ስለራሱ የሚለውን ነው የሚለካው። ድንኳን መትከሉን አይለካም። እንደኔ የእርስዎ አባላት ማዘኑን አዝነዋል። ጽፈው ሲልኩ ግን ለቅሶ የደረሱ ያህል ይቀላቸዋል። ችግሩ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ባለሱቁ

መቀጮውን እጥፍ አድርጉት። በቃ።

የቅሬ ጸሐፊ (ደሴ)

@ባለሱቁ ላለው ሰውማ እሰየው ነው! የሚጎዳው የቀን ሠራተኛው ነው። እሱ ደግሞ አይቀርም።

ሽማግሌው (ወልድያ)

ጸሐፊ ወንድሜ፣ እኛም በዚሁ ስንታመስ ከርመናል። መጀመሪያ ግሩፑን ከጸሐፊው በቀር ማንም እንዳይጽፍበት አድርገን ዘጋነው። የሐዘን ቃል ያለው ድንኳን መጥቶ ይናገር አልን። አንዳንዱ አኩርፎ ወጣ፣ ቀስ እያለ ተመለሰ።

በቴሌብር የሚከፍለው ከከተማ ውጭ ያለ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ቀብሩ ቢያመልጠው ማታ ለቡናው ይመጣል፣ ስሙ ይመዘገባል። ለወጣቶቹ የድንኳን ተራ አወጣንላቸው። ሰው ሲሞት የባለተራዎቹ ስም ከሞቱ ማስታወቂያ ሥር ይለጠፋል። እናቱም አክስቱም የሚያዩት ግሩፕ ላይ ስሙ ተጽፎ ማን ይቀራል? ይሉኝታ ቴሌግራም ላይም ይሠራል።

ጡሩምባውን ደግሞ እንዳትጥሉት። በ2014 ጦርነት ኔትወርክ ሲጠፋ ያለችን እሷ ብቻ ነበረች።

የቅሬ ጸሐፊ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ተራውን ለጉባኤ አቀርባለሁ። የጂዳዋ እህቴ፣ አብሽሪ። ውጭ ያሉ አባሎቻችን በድምፅ ይላኩ፣ ማታ ሰው ሲሰበሰብ ለሐዘንተኛው እናሰማለን ብዬ አስቤያለሁ።

አንድ ነገር ግን፦ ባለተራው ሰው ቀጥሮ ቢልክስ? ይቆጠርለታል?

ሽማግሌው (ወልድያ)

ገጥሞናል። የተቀጠረው ልጅ ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር። ድንኳኑን ተክሎ ሲጨርስ ይሄዳል ስንል ከሰው ጋር ለቅሶ ተቀመጠ። አሁን አባላችን ነው። ላኪው መቀጮውን ከፍሏል።