ከንቅለ ተከላ በኋላ የደም ምርመራን ደሴ ሆኖ ስለመከታተል የእርዳታ ጥያቄ

ታላቅ እኅቴ ኩላሊቷን ከሰጠችኝ ዓመት ሞላ። አልሐምዱሊላህ፣ ከእጥበት ተላቅቄ ደሴ ያለውን ሱቄን ዳግም ከፍቻለሁ፤ ውሃ በቡና ስኒ እየለካሁ እጠጣ የነበርኩት ሰው ዛሬ ጥሜን እስክቆርጥ እጠጣለሁ።

የቸገረኝ የታክሮሊመስ መጠን ምርመራ ነው። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ላይ እወስዳለሁ፤ በደም ውስጥ ሲያንስ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋው፣ ሲበዛም ያንኑ ኩላሊት እንዳይጎዳው በየጊዜው መለካት አለበት፤ ደሙም የሚቀዳው የጠዋቱ መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት ነው። የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የክሬቲኒን ምርመራ እዚሁ አደርጋለሁ፤ የታክሮሊመሱን ግን ባለሁበት ስላላገኘሁ፣ በዋዜማው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ማደር ግድ ሆኖብኛል። እኅቴም «ብቻህን አትሄድም» እያለች ሥራዋን ትታ ትከተለኛለች፤ ከድካሙም ከወጪውም ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደም ቀድቶ ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ላብራቶሪ የምታውቁ፣ ወይም ወሎ ሆናችሁ በዚህ መንገድ የምትከታተሉ ወገኖች ካላችሁ፣ ናሙናው እንዴት እንደሚጓጓዝ፣ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስና ሐኪሞቻችሁ ይቀበሉት እንደሆነ እባካችሁ አሳውቁኝ። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪሜ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ናሙናው አላላክ ብቻ ነው።