ክርክር፦ በሩ ላይ «ቢ» የተለጠፈበት የሐበሻ ቤት

አወያይ፦ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የምግብ ቤቶችን የጤና ቁጥጥር ውጤት በፊደል በር ላይ ያስለጥፋል። 90ና ከዚያ በላይ ያገኘ «ኤ»፣ ከ80 እስከ 89 «ቢ»፣ ከ70 እስከ 79 «ሲ» ነው። የሐበሻ ቤት «ቢ» ቢለጠፍበት ትገባላችሁ? ፊደሉስ ለኛ ምግብ ፍትሐዊ ነው?

ባለ ምግብ ቤት፦ ፍትሐዊ አይደለም። ተቆጣጣሪው የሚያየው የአንድ ቀን፣ ያውም የአንድና የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። የሊጥ ባልዲ ከማቀዝቀዣ ውጭ ካየ፣ እርሾ ምን እንደሆነ ማስረዳት የኔ ዕዳ ነው። ፊደሉ ከተለጠፈ በኋላ ቅዳሜ ማታ ይመጣ የነበረው ፈረንጅ በሩን አይቶ ይመለሳል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቀኝም።

ነርሷ፦ በሊጡ እስማማለሁ። የቦካ ሊጥ ኮምጣጣ ስለሆነ አብዛኛው ጎጂ ባክቴሪያ አይራባበትም፤ ይህንንም በፒኤች (የኮምጣጣነት) መለኪያ ማሳየት ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ ወጡ ነው። ማታ የተሠራ ትልቅ ድስት ተከድኖ ምድጃ ላይ ያድራል። ሕጉ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ135 ወደ 70 ዲግሪ ፋራናይት፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ደግሞ ወደ 41 ይውረድ ይላል። ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ግን መሃሉ ለብ እንዳለ ይነጋል። ጠዋት እናፈላዋለን እንዳትሉኝ፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ወጥ ቤት የሠራች፦ እውነቷን ነው። ወጡን ሰፊ ትሪ ላይ ሁለት ጣት ያህል አሳስቶ ገልብጦ፣ ሳይከድኑ ማቀዝቀዣ ማስገባት ነው፤ ቶሎ ይበርዳል። ግን እኩለ ሌሊት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ብቻዋን ስንቱን ድስት ትገልብጥ? ባለቤቶች ለዚህ ሰዓት ሰው ቅጠሩ።

ሹፌሩ፦ ክትፎስ? ጥሬ ስለሆነ ነጥብ ያስቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ነርሷ፦ ጥሬ በመሆኑ ብቻ አይቀነስም። ካሊፎርኒያ ደንበኛው ጥሬ መሆኑን አውቆ ካዘዘ ትፈቅዳለች። ሥጋው ከ41 ዲግሪ በላይ ከተቀመጠ ግን ይቀነሳል፤ መቀነስም አለበት።

ሹፌሩ፦ እንግዲያው እኔ «ቢ» ያለበት ቤት ልጆቼን ይዤ አልገባም። ያገሬ ሰው ነው ብዬ ሆዳቸውን አላስይዝም።

ባለ ምግብ ቤት፦ ወንድሜ፣ ፊደሉን ብቻ አትይ። አንዱ 89 ያመጣው ወለሉ ተሰነጣጥቆ፣ አምፖሉ ክዳን አጥቶ፣ እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር አንድ አንድ ነጥብ እየተቀነሰበት ሊሆን ይችላል። ሌላው 91 ይዞ «ኤ» ለጥፏል፤ ግን ዶሮው ሙቀቱን ሳይጠብቅ ተገኝቶ በአንድ ጊዜ 4 ነጥብ ሄዶበታል። አንተ የምትገባው የትኛው ቤት ነው?

ሹፌሩ፦ ይህን በምን አውቃለሁ?

ነርሷ፦ ሪፖርቱን ጠይቅ። ቤቱ የመጨረሻውን ምርመራ ቅጂ ለጠየቀ ደንበኛ የማሳየት ግዴታ አለበት። እኔ ወጥ በማቀዝቀዝ ነጥብ የተቀነሰበት ቤት፣ በሩ ላይ «ኤ» ቢኖርም አልበላም።

ባለ ምግብ ቤት፦ በዚህ አልከራከርሽም። የኔን መጥተሽ አንብቢ፤ ካዝናው አጠገብ ተሰቅሏል።