ለደህንነት ሪፖርት የሠራተኞችን የሥራ ሰዓት የምንቆጥረው ከየትኛው መዝገብ ነው?

ጥያቄ፦ ከመልካ ጀብዱ

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃ ፋብሪካ በሙያ ደህንነትና ጤንነት ክፍል እሠራለሁ። ዘንድሮ የአደጋ ድግግሞሽ መጠናችንን፣ ማለትም ከተሠራው ሰዓት አንጻር ስንት አደጋ እንደደረሰ፣ አስልተን እንድናቀርብ ተጠይቀናል። 240 ቋሚ ሠራተኞች አሉን፤ ባለፈው የበጀት ዓመትም ሰው ከሥራ ያስቀሩ 3 አደጋዎች መዝግበናል። እኔ 240ን በሳምንት 48 ሰዓትና በ52 ሳምንት አባዝቼ 599,040 ሰዓት አገኘሁ። የሰው ኃይል አስተዳደር ከፔሮል (ከደመወዝ መክፈያ መዝገቡ) አውጥቶ የሰጠኝ ቁጥር ግን ከ640,000 ይበልጣል። የትኛውን ልያዝ?

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጫኝና አውራጆቻችን በማኅበር ተደራጅተው በኩንታል የሚከፈላቸው ስለሆኑ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ የሉም። ባለፈው ጥር ከእነርሱ አንዱ የጭነት መኪናው ስፖንዳ ሲዘጋ አውራ ጣቱ ተቀርቅሮ ተጎዳ። ጓንቱን ስናወልቅለት ጥፍሩ ከጓንቱ ጋር ተያይዞ ወጣ። ይህ አደጋ «የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ተብሎ ሳይመዘገብ ቀርቷል፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ «3 አደጋ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ቅር ይለኛል።

መልስ፦ የቀድሞ ታይም ኪፐር፣ ገንደ ቆሬ

ወንድሜ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሪፖርቱ የሚፈልገው ሠራተኛው በትክክል በሥራ ላይ የቆየበትን ሰዓት እንጂ በውሉ የተጻፈውን ወይም የተከፈለበትን ሰዓት አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ የድግግሞሽ መጠን የሚሰላው የአደጋዎቹ ቁጥር በ1,000,000 ተባዝቶ፣ እነዚያው ሠራተኞች በዚያው ጊዜ ለሠሩት ጠቅላላ ሰዓት ተካፍሎ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰው ለአደጋ የሚጋለጠው ሥራ ቦታው ላይ ባለበት ሰዓት ነው።

ከእርስዎ ስሌት ብጀምር፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንደኛ ዓመት ሠራተኛ እንኳ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ብቻውን ለ240 ሰው በ8 ሰዓት ሲታሰብ 30,720 ሰዓት ነው። የሕዝብ በዓላት፣ የሕመምና የወሊድ ፈቃድ፣ ያለፈቃድ የቀሩበት ቀንም ሁሉ መቀነስ አለበት። በሌላ በኩል የተሠራ ትርፍ ሰዓት ይደመራል።

የፔሮሉ ቁጥር ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላስተውል የተሳሳትኩበት ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን እንደየጊዜው በ1.5፣ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 እያባዛ ያስከፍላል። ብዙ ፔሮል ሠሪዎች ለክፍያ እንዲቀላቸው የተባዛውን ሰዓት በቀጥታ በሰዓት ዓምዱ ውስጥ ያስገቡታል። በመስቀል ዕለት 4 ሰዓት ትርፍ የሠራ ሰው በፔሮሉ 10 ሰዓት ሆኖ ይወጣል፤ ስድስቱን ሰዓት ማንም አልሠራውም። እንዲህ ያለው ሰዓት ሲከማች አካፋዩ፣ ማለትም የሰዓቱ ድምር፣ ያብጣል፤ አካፋዩ ሲያብጥ የአደጋው መጠን ያንሳል፤ ፋብሪካውም በወረቀት ላይ ከሆነው በላይ ደህና መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከፔሮሉ በፊት ያለውን፣ የፈረቃ ኃላፊው የፈረመበትን የትርፍ ሰዓት ቅጽ ይጠይቁ።

ፔሮሉ ሰዓት የሚያሳንስበትም ቦታ አለ። የወር ደመወዝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚከፈል ከሆነ ጳጉሜን የራሷ ክፍያ ስለሌላት ማሽኑ ሲሽከረከር የከረመባቸው 5 ወይም 6 ቀናት በፔሮሉ ጭራሽ አይታዩም።

የሚሻለው የጣት አሻራው መዝገብ ነው፤ ሆኖም የገባና የወጣበትን ብቻ ስለሚያሳይ የምሳ ሰዓቱን ይቀንሱ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ውኃ ለመጠጣት ወይም ጥላ ሥር ትንሽ ለማረፍ የሚወሰደው አጭር ዕረፍት ግን የሥራ ሰዓት ነውና አይቀነስም። መብራት ጠፍቶ ሠራተኛው በቦታው ሆኖ የጠበቀበት ጊዜም እንዲሁ ይቆጠራል።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከዚራ

በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ልጨምር። ሪፖርቱን የሚቀበለው አካል በየትኛው መሠረት እንደሚያሰላ አስቀድመው ይጠይቁ። የአሜሪካው አሠራር በ1,000,000 ሳይሆን በ200,000 ያባዛል፤ ይህም 100 ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት የሚሠራው ነው። የእርስዎ ትክክለኛ ሰዓት 500,000 ቢሆን 3ቱ አደጋዎች በአንደኛው ስሌት 6፣ በሌላኛው 1.2 ይሆናሉ። መሠረቱ ከቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ አንባቢው አንዱን ፋብሪካ ከሌላው አምስት እጥፍ አደገኛ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

መልስ፦ የመጋዘን ኃላፊ፣ ሳቢያን

ስለ ጫኝና አውራጆቹ ያነሡት ጉዳይ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። በግቢያችሁ ውስጥ፣ በእናንተ ትእዛዝና በእናንተ ዕቃ ላይ የሚሠራ ሰው አደጋው መመዝገብ አለበት፤ አደጋው ከተመዘገበ ደግሞ ሰዓቱም መቆጠር አለበት። አደጋውን አስገብቶ ሰዓቱን መተው መጠኑን ያለአግባብ ያንረዋል፤ ሰዓቱን አስገብቶ አደጋውን መተው ግን ማታለል ነው። እኔ የማደርገው የቋሚዎቹንና የማኅበሩን ሠራተኞች በሁለት መስመር ለየብቻ አሳይቼ ከሥር ድምሩን ማስቀመጥ ነው።

ሰዓታቸውን ለማግኘት በር ላይ ከጥበቃው ጋር የመግቢያና የመውጫ መዝገብ መክፈት ይበቃል። ላለፈው ዓመት ግን መዝገብ ስለሌለዎት በሚዛን ደረሰኝ ይሥሩ። ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የመኪናዎችን ጭነት በሰዓት ይከታተሉ፤ ለምሳሌ 10 ሰዎች 400 ኩንታል በሁለት ሰዓት ተኩል ቢጭኑ 25 የሰው ሰዓት ይሆናል። አማካዩን ካወቁ በዓመቱ ደረሰኞች ላይ ባለው ጠቅላላ ኩንታል ያሰሉት። ቁጥሩ ግምት መሆኑንና እንዴት እንደተገኘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ጠዋት የሚጫንና በቀትር የሚጫን መኪና እኩል ስለማይፈጅ ሁለቱንም መለካትዎን አይርሱ።

ጠያቂው፦ ከመልካ ጀብዱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የትርፍ ሰዓት ቅጾቹን አስወጥቼ ሳይ በፔሮሉ የገባው በእርግጥም የተባዛው ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ከትናንት ጀምሮም የአራት መኪናዎችን ጭነት ለክቻለሁ፤ በቀትር የተጫኑት ሁለቱ ከጠዋቶቹ አርባ ደቂቃ ያህል ዘግይተዋል። አንድ የቀረኝ ነገር ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪሳችን ነው። ከከተማ እስከ ፋብሪካው ያለው የጉዞ ሰዓት ይቆጠራል?

መልስ፦ የቀድሞ ታይም ኪፐር፣ ገንደ ቆሬ

የጉዞው ሰዓት አይቆጠርም። ነገር ግን በአዋጁ መሠረት አሠሪው ባቀረበው የጋራ መጓጓዣ ውስጥ ሠራተኛ ቢጎዳ ጉዳቱ የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ ስለዚህ መዝግቦ ማሳወቅና የሚገባውን ካሳ መስጠት ግዴታ ነው። ለድግግሞሽ መጠኑ ግን ያ ሰዓት በአካፋዩ ውስጥ ስለሌለ የመንገድ አደጋዎችን ከሌሎቹ ጋር አይደምሩ፤ ለብቻቸው በአንድ ረድፍ ያሳዩ። በጥር ወር በጫኝና አውራጁ ላይ የደረሰውን አደጋም አሁኑኑ ይመዝግቡት፤ የደረሰበትንም የተመዘገበበትንም ቀን ይጻፉበት።