«ማስረጃ አልነበረም» ማለት ምን ማለት ነው?

መምህሩ፣ ደብረ ብርሃን፦ ዛሬ አንድ ስልጠና ላይ አሰልጣኙ «ኮሮና በጠብታ እንጂ በአየር አይተላለፍም፤ ሁለት ሜትር መራቅ በቂ ነው» አለን። ደሜ ፈላ። «በአየር አይተላለፍም» የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2012 ላይ ያለው ነው። በዚያው ክረምት 239 ሳይንቲስቶች ደብዳቤ ጽፈው ተቃወሙት፤ በኋላ ድርጅቱ ራሱ ተቀበለ። እኛ ጋ ዛሬም ያው ነው?

ነርሷ፣ መሐል ሜዳ፦ ሰውየውን አታብጠልጥሉት። ያኔ ማስረጃ አልነበረም። በተሰጠን መመሪያ ሠራን።

መምህሩ፦ «ማስረጃ አልነበረም»? አሜሪካ፣ ስካጂት የተባለ ቦታ፣ መጋቢት 1 ቀን 2012፣ 61 ዘማሪዎች ሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመዱ። 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። ይሄ ምን ይባላል?

ነርሷ፦ ጥናቱ የወጣው ግንቦት ላይ ነው። መጋቢት ላይ ከየት እናምጣው?

ላብራቶሪ ባለሙያው፦ እሷ እውነት አላት። አየር ውስጥ የቫይረሱ ዘረመል ተገኘ ማለት ቫይረሱ ያስይዛል ማለት አይደለም። ሕያው መሆኑን ለማወቅ ቫይረሱን ሴል ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። ችግሩ፣ አየሩን የሚስበው መሣሪያ ራሱ ቫይረሱን ይጎዳዋል። በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ አየሩን በእንፋሎት እየያዙ ከታማሚው እስከ 4.8 ሜትር ርቀት ሕያው ቫይረስ አገኙ።

መምህሩ፦ እሺ፣ ሥራው ከባድ ነው። ግን «ማስረጃ አልነበረም» እና «አይተላለፍም» አንድ ናቸው? አናውቅም ማለት ያቅታል?

ሸዋ ሮቢቴው፦ እናንተ ደገኞች መጀመሪያ መስኮት ክፈቱ! ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ ታፍኜ ነው የሄድኩት። ስከፍት ሚኒባሱ ሁሉ ጮኸብኝ።

የመንዝ ልጅ፦ ቆላ ተቀምጦ ስለ ብርድ ማውራት ቀላል ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት አጠገብህ ነበረች? ሐምሌ ላይ ናና ክፈት።

ሸዋ ሮቢቴው፦ ጋቢ ለምን ተሠራ ታዲያ? ብርዱን ጋቢ ይችለዋል። የታፈነውን አየር ምን ይችለዋል?

ነርሷ፦ ስለ ጋቢ አትጣሉ። መምህር፣ «አናውቅም» ቢባል ኖሮ ማስኩን ቀድመን እናደርግ ነበር፤ ይህን እቀበላለሁ። በዚያ ክረምት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ታማ ሞታለች። ሁለት ሜትሯን ጠብቃ ነበር። ግን አውቀው ዋሹን አትበሉኝ።

መምህሩ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ዋሹ አላልኩም። እርግጠኛ ሳይሆኑ እርግጠኛ ሆኑ ነው ያልኩት።

ነርሷ፦ እኔም ማስረጃ አልነበረም ነው ያልኩት።