በቤት የሠራሁት የሌንስ አዳፕተር ጠርዙ ይጨልማል

ትንሽ ሴንሰር ያላት ካምኮርደር አለችኝ። ከጀርባ ያለውን ሁሉ ቁልጭ አድርጋ ስለምታሳይ ቪዲዮው ፊልም ፊልም አይሸትም። ስለዚህ ጀርባው እንዲደበዝዝ፣ ካሜራዋን ከሌላ ሌንስ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር ከፕላስቲክ ቱቦ ሠራሁ። ከፊት የድሮ የኒኮን 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ አለ። ምስሉን ብርሃን የሚያሳልፍ ሻካራ መስታወት ላይ ይጥላል። ካሜራዋ ደግሞ መስታወቱን ከኋላ በ+10 ክሎዝ አፕ ሌንስ (ቅርብ ያለን ነገር ለማንሳት በሚረዳ ሌንስ) ታነሳዋለች።

ርቀቱ ልክ ነው። ከሌንሱ መቀመጫ እስከ መስታወቱ 46.5 ሚሊሜትር፤ ሩቅ ያለውም ፎከስ ይገባል። ምስሉ ተገልብጦ መምጣቱ አያሳስበኝም፣ ኤዲቲንግ ላይ ይቃናል። የመስታወቱ ቅንጣትም ትንሿ ሞተር ስታሽከረክረው ይጠፋል (ድምጿ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው)።

ራስ ምታት የሆነብኝ ብርሃኑ ነው። መሃሉ ቦግ ይላል፣ ጠርዙ ይጨልማል። ዙም አድርጌ ጠርዙን ባስወጣውም መሃሉ ያው ነው። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 4 ሳጠበው ጭራሽ ባሰበት። ይበልጥ የሻከረ መስታወት ስቀይር ብርሃኑ ትንሽ ተስተካከለ፣ ምስሉ ግን ፈዘዘ።

አሁን አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎባጣ የሆነ ኮንደንሰር ሌንስ (ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ) በእጄ አለ። ጠርዙ እንዲበራ ከመስታወቱ በፊት ነው በኋላ የማስገባው፣ ጠፍጣፋው ፊትስ ወደ የት ይዙር?